የኮልቾ አራስ የሚያስፈልጋት ስብከት አይደለም

በየጥቂት ወሩ ያው ቪዲዮ ተመልሶ ይዘዋወራል። በነጭ ኖራ የተቀባ ፊት፣ ከገደሉ ሥር የሚጠማዘዘው የኦሞ ወንዝ፣ ከዚያም በትልልቅ ፊደል «ሕፃናትን የሚገድለው ጎሳ» የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ አስተያየት ይጎርፋል። አንዱ ወገን «መንግሥት ባለበት አገር እንዲህ ያለ ነገር እንዴት?» ብሎ ይጮኻል። ሌላው «ባህላቸውን ተዉላቸው፣ ለቱሪዝም ይጠቅማል» ይላል። ሁለት ቀን ይፋጃሉ፣ ከዚያ ሌላ አጀንዳ ይመጣል። ከተፋጁት መካከል ኮልቾ በየት በኩል እንደምትገኝ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያ የወለደች እናት ዛሬ ምን እንደቸገራት የጠየቀ ግን አንድም የለም።

ኮልቾ በደቡብ ኦሞ፣ ሐመር ወረዳ ውስጥ ያለች የካራ መንደር ናት። ካራ ከዱስ፣ ከላቡክና ከኮልቾ ብዙም የማይዘልቅ፣ ቁጥሩ ከጥቂት ሺህ የማያልፍ ሕዝብ ነው። ከጂንካ በዲመካና በቱርሚ ዞሮ፣ ከዚያ ቁጥቋጦውን ሰንጥቆ ወደ ወንዙ መውረድ ይጠይቃል። በዝናብ ወቅት ደረቁ ወንዝ ሁሉ ይሞላና መኪናው አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ኢትዮጵያ ይህችን መንደር የምታውቃት በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በካሜራና በሚንጊ።

ስለ ሚንጊ ሐቁን ሳያድበሰብሱ መናገር ይገባል። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የወጣ ሕፃን፣ መንታ ሆነው የተወለዱ፣ ወይም ሽማግሌዎች የሚባርኩት ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ እርግማን ያመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ዝናብ ይከለክላል፣ ከብት ይጨርሳል ይባል ነበር። ብዙ ሕፃናት በዚህ ምክንያት ተገድለዋል። ይህ ግድያ ነው፤ «ባህል ነው» የሚለው ቃል አያለዝበውም።

ታዲያ በካራ ማን አስቆመው? የፌስቡክ ቁጣ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አውደ ጥናትም አይደለም። ላሌ ላቡኮ የሚባል የካራ ተወላጅ፣ ከሕዝቡ ቀድመው ትምህርት ቤት ከገቡት አንዱ፣ በልጅነቱ ሁለት ታላላቅ እህቶቹ ሚንጊ ተብለው መገደላቸውን ከእናቱ ሰማ። ካደገ በኋላ ተመልሶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ አለ። ስድብ ይዞ አልሄደም። «ልጁን ለእኔ ስጡኝ፣ እርግማኑም ከመንደሩ ይራቅ» በሚል መንገድ፣ በእምነታቸው ውስጥ ሆኖ ለመነ። ሕፃናቱ ጂንካ ተወስደው በኦሞ ቻይልድ ቤት ማደግ ጀመሩ። ዓመታት አለፉ፤ ዝናቡም አልቀረም፣ ከብቱም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 የካራ ሽማግሌዎች ራሳቸው ሚንጊ ይብቃ ብለው ወሰኑ። ታሪኩ «ኦሞ ቻይልድ፦ ዘ ሪቨር ኤንድ ዘ ቡሽ» በሚል ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም ታይቷል። ዛሬም ቪዲዮውን የሚያዘዋውረው ሰው ይህን ውሳኔ አይጠቅስም። ምናልባት ካራ ራሱን ማረሙ ለቁጣው ስለማይመቸው ይሆናል።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አላለቀም። በሐመርና በበና በኩል ሥጋቱ ካራ ላይ እንደቆመው ገና አልቆመም። የጂንካው ቤትም አስፈላጊነቱ አላበቃም። ነገር ግን የክርክሩ ትልቅ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ሕፃኑን ከእርግማን ማዳን ላይ ያተኮረው ሁሉ፣ ሕፃኑ ከዳነ በኋላ ያሉትን 28 ቀናት ረስቷቸዋል።

ቁጥሩ ይነገር። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 39ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ወደ 37፣ በ2016 ወደ 29 ወረደ። ከዚያ በኋላ በ2019 የተደረገው አነስተኛ ጥናት ግን ቅናሽ አላሳየም። ከፍ ያሉት ሕፃናት ሞት በፍጥነት ሲወርድ የአራስ ሕፃን ሞት ባለበት ቆሞ ቀረ። የሚሞቱትም ባብዛኛው በሦስት ነገር ነው፦ ያለጊዜ በመወለድ፣ በምጥ ጊዜ በመታፈንና በኢንፌክሽን። ከሚሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ሳምንት እንኳ አይጨርሱም። ለእነዚህ ሕፃናት ሃሽታግ የለም።

በዚያው በ2016 ጥናት በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ የታዩት አራስ ሕፃናት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የአገሪቱ አማካይ ነው፤ አዲስ አበባንም ይጨምራል። ከጂንካ ወዲያ፣ ከቱርሚም ወዲያ ያለው ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምት።

አሁን ወደ ኮልቾ ጎጆ ይገባ። ኮልቾ ቆላ ነው። ቀኑ ያቃጥላል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ከንፈሩ የደረቀ ይመስላል። አያት ወይም ጎረቤት «ጠምቶት ነው፣ ውኃ አቅምሱት» ትላለች። ይህ ምክር በክፋት የሚሰጥ አይደለም፤ ማንም አዋቂ በዚያ ሙቀት ውኃ ይጠማዋልና። ችግሩ ውኃው የኦሞ ውኃ መሆኑ ነው፤ ቡናማ፣ ከብትም ሰውም የሚጠጣው። የእናት ጡት ወተት ወደ 88 በመቶው ውኃ ነው። በቆላም ቢሆን ለስድስት ወር ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ሕፃኑ በተጠማ ቁጥር ደጋግሞ መጥባት ነው ያለበት፤ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ከአምስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ወተቱ እየደረሰው ነው። ይህን የሽንት ቆጠራ ለመማር ሚዛንም፣ ማንበብም አይጠይቅም። አንዲት አያት በአሥር ደቂቃ የምትይዘው ነገር ነው፤ በቋንቋዋ የሚነግራት ሰው ካለ።

«በቋንቋዋ» የሚለው ላይ መቆም ያስፈልጋል። ምክንያቱም እዚህ ድረስ የሚመጣው ምክር የተጻፈው በደጋ፣ ለደጋ፣ በደጋ ቋንቋ ነው። «ሕፃኑን በወፍራም ልብስ ጠቅልሉ፣ ኮፍያ አጥልቁ» የሚለው ለደብረ ብርሃን ጥሩ ምክር ነው። ለኮልቾ እኩለ ቀን ግን ሕፃኑን የሚያግል ምክር ነው፤ የጋለ ሕፃን ደግሞ ትኩሳት ያለው ይመስላል፣ ወይም ትኩሳቱ ከሙቀቱ ጋር ይምታታል። ትክክለኛው ትምህርት ቀላል ነበር። እንደተወለደ ወዲያው ማድረቅ፣ እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ ማስተኛት፣ ለ24 ሰዓት አለማጠብ፣ በሌሊቱ ነፋስ ማልበስ፣ በቀኑ ሐሩር ማቅለል፣ የእጁንና የእግሩን ሙቀት በእጅ ነክቶ ማየት። ከእናት ገላ የተሻለ ሙቀት መቆጣጠሪያ እስካሁን አልተሠራም።

ይህን ደግሞ ካራን ማንም ሊያስተምረው አይገባም። ትንንሽ ሕፃናትን በእናት ገላ ላይ አስሮ የማሳደግ ዘዴ በሆስፒታል ደረጃ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ነው፤ ማሞቂያ ሳጥን ስላጠረ። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ ተብሎ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። የካራ እናት ልጇን ከገላዋ የማትለየው ግን ሳጥን ስላጠረ አይደለም። ጤና ባለሙያ ወደ ኮልቾ ሲሄድ ከዚህ ቢጀምር፣ ማለትም «ይህ የምታደርጉት ትክክል ነው፣ ያለጊዜው ለተወለደው ደግሞ ቀንም ሌሊትም አድርጉት» ብሎ ቢነሣ፣ ቀጥሎ የሚናገረውን ይሰሙታል። አብዛኛው ዘመቻ የሚጀምረው ግን «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» ከሚል ፖስተር ነው።

ስለ ጎጂ ልማድ ከተነሣ ደግሞ ደጋው ራሱን ይመልከት። ዲግሪ ባለበት ቤት አራስ ሕፃን ቅቤ ይልሳል። እንጥሉ ይቆረጣል፤ ገና ያልበቀለ ጥርሱ «ግግ ነው» ተብሎ ከድዱ ተፈልፍሎ ይወጣል። በዚህ ደም ፈሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ የሞተ ሕፃን ብዙ ነው፤ ማንም ግን «ሕፃናትን የሚገድለው ከተማ» ብሎ ቪዲዮ አይሠራም። የሚገርመው የእንገሩ ነገር ነው። ላም ስትወልድ እንገሯ እንደ ብርቅ ምግብ ይፈላል፣ ለጎረቤት ይላካል። የሴቲቱ እንገር ግን «ያረጀ ወተት ነው፣ ሆድ ይቆርጣል» ተብሎ መሬት ላይ የሚታለብበት ቤት ዛሬም አለ። ያ ቢጫ ፈሳሽ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሕፃኑ ከበሽታ የሚጠበቅበት የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፤ ከተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደርሰው ይገባል። ጥርስ ላይ የሚፈርደው ኮልቾ ብቻ አይደለም፤ ግግ የሚያወጣውም ሕፃኑን የሚጎዳው በጥርስ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለው የእትብት ጉዳይ ነው። እትብት ከተቆረጠ በኋላ እስኪወድቅ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ወደ ደም የሚያስገባ ክፍት በር ነው። በንጹሕ ምላጭ መቁረጥ፣ ምንም አለመቀባት፣ ደረቅ አድርጎ መተው። በቤት ለሚወልዱ ደግሞ ጤና ሚኒስቴር የክሎረሄክሲዲን ቅባት በመመሪያው አስገብቷል። ጥሩ ነው። ግን ለዚያው ሕፃን የሚሰጥ ሌላም ቅባት አለ፦ የዓይን ቴትራሳይክሊን። ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች፣ ሁለቱም ማንበብ ለማትችል እናት አንድ ይመስላሉ። የእትብቱ ቅባት በስሕተት ዓይን ላይ ተቀብቶ ከባድ ጉዳት ያደረሰበት አጋጣሚ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተመዝግቧል። ስለዚህ «ቅባቱን አድርሰናል» የሚል ሪፖርት ለብቻው ምንም ማለት አይደለም። ማን በምን ቋንቋ አስረዳ? ቱቦውን ከመስጠቷ በፊት የትኛው የዓይን፣ የትኛው የሆድ እንደሆነ እናቲቱ ራሷ እንድታሳይ የጠየቃት አለ?

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የቢሲጂ ጠርሙስ ነው። ቢሲጂ ሲወለድ የሚሰጥ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። ጠርሙሱ የ20 ሕፃን ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ የቀረው ይደፋል። የካራ ሕዝብ 2,000 ነው ተብሎ ቢያዝ፣ በአገሪቱ የወሊድ መጠን ሲሰላ በዓመት ወደ 60 ሕፃን፣ በወር አምስት ገደማ ይወለዳል፤ ያውም በተራራቁ መንደሮች ተበትኖ። ባለሙያው ጠርሙስ ለአንድ ሕፃን ቢከፍት «አባከንክ» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ሕፃናት እስኪጠራቀሙ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ሳምንቱ ወር ይሆናል፣ ሕፃኑም ያድጋል፣ መዝገቡ ላይ «እናት አላመጣችም» ይጻፋል። እናት አላመጣችም! የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አንድ ሕፃን ብቻ ቢገኝም ጠርሙሱ ይከፈት ይላል፤ ከሚደፋው መድኃኒት ያመለጠው ሕፃን ይበልጣልና። ይህን ለማስተካከል የሽማግሌ ጉባኤ አያስፈልግም፣ እርግማን መስበር አያስፈልግም። «ክፈተው፣ አትጠየቅም» የሚል አንድ ደብዳቤ ከወረዳ እስከ ጤና ኬላ መውረድ ብቻ ይበቃዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በከባድ ኢንፌክሽን የተያዘ አራስ ሕፃን ወደ ሆስፒታል መሄድ ካልቻለ ራሳቸው በጀንታማይሲንና በአሞክሳሲሊን እንዲያክሙ ተፈቅዷል። ይህ በአፍሪካ ደረጃ ኢትዮጵያ የምትመሰገንበት ሥራ ነው። በወረቀቱ መሠረት ሠራተኛዋ አራሷን በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ቤቷ ሄዳ ማየት አለባት። ወረቀቱ ላይ የሌለው ሠራተኛዋ በምን እንደምትሄድ ነው። ከኮልቾ እስከ ላቡክ በእግር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ብቻዋን፣ ቋንቋውን ሳታውቅ? ከደጋ የተመደበች ልጅ ስድስት ወር ሠርታ ዝውውር ብትጠይቅ ማን ይፈርድባታል?

ደግሞ አንድ የማይወራ ነገር አለ፤ የእናቲቱ ሆድ። ደጋ ላይ አራስ ገንፎ አላት፣ አጥሚት አላት፣ የሚጠይቃት ዘመድ አላት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች (አባትየው ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ የራሱ ጉድ ነው)። የካራ እናት አዋጇ ወንዙ ነበር። ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በዳርቻው የሚቀረው ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘራል፤ የአራሷ ምግብ ከዚያ ይመጣ ነበር። ግልገል ጊቤ ሦስት እ.ኤ.አ. በ2015 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር ያ ሙላት እንደቀድሞው መምጣቱን ተወ። ግድቡ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ አዲስ አበባ መብራት የበራላት ማንን አስርቦ እንደሆነ ማወቅ ግን ግዴታዋ ነው። የምታጠባ እናት በቀን ተጨማሪ ወደ 500 ካሎሪ ያስፈልጋታል። ካላገኘች ወተቱ ወዲያው አይደርቅም፤ ከራሷ ሥጋ እየተቀነሰ ለልጁ ይሄዳል። በየወሊዱ እየሳሳች ትሄዳለች። «በደንብ ተመገቢ» የሚል ምክር ለእሷ ስድብ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ላንድክሩዘሩ ይመጣል። ካሜራው የሚፈልገው ሕፃን የታቀፈች እናት ነው። ፎቶ በብር ይቆጠራል። ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ፀሐይዋ ወደ ወንዙ ስታዘቀዝቅ፣ አራስ ልጅ የያዘች ሴት ተሰልፋ ትቆማለች። እሷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ማሽላው ሲጠፋ ያገኘችው ገቢ ነው። የሚወቀሰው በአንድ ቀን ሃያ እንግዳ፣ ሃያ እጅና ሃያ ጉንፋን ወደ አራስ ፊት የሚያስጠጋው አስጎብኚ ነው። አዲስ አበባ ላይ አራስ ቤት የገባ እንግዳ እንኳ እጁን ሳይታጠብ ሕፃን አይነካም፤ ይሉኝታ አለ። ኮልቾ ሲደርስ ይሉኝታው የት ይቀራል? አንድ ወር ያልሞላው ሕፃን ፎቶ አይነሣም የሚል ደንብ አስጎብኚዎች ነገ ሊያወጡ ይችላሉ። እናቲቱም ብሩን ካላጣች አትቃወምም፤ ሕፃን ሳትይዝ ብትነሣም ያው ይከፈላት።

ሚንጊን ከመከላከል ሥራ ጋርም ይህ ሁሉ አይጋጭም፤ እንዲያውም አንድ ነው። ከሞት የተረፈ ነገር ግን በተወለደ ዕለት ከእናቱ የተለየ ሕፃን ጡቷንም፣ ገላዋንም፣ እንገሩንም ያጣል። በዱቄት ወተት ያድጋል። ያ ወተት ደግሞ የፈላ ውኃ፣ የተቀቀለ ዕቃ፣ በየሦስት ሰዓቱ ሌሊት የሚነሣ ሰውና የማያልቅ ገንዘብ ይፈልጋል። ከእርግማን የተረፈ ሕፃን በተቅማጥ ቢሞት ምን ትርፍ አለው? ስለዚህ የመጀመሪያው ትግል ልጁ ከእናቱ ሳይለይ እንዲያድግ ማድረግ ነው። የካራ ሽማግሌዎች የ2012 ውሳኔ ትልቁ ዋጋም ይኸው ነበር፤ ሕፃኑ ከመዳኑ በላይ እናቱ ጋ መቅረቱ። የሐመርን ሽማግሌዎች የሚያሳምን ካለም የካራ ሽማግሌ ነው። ነዳጅና አበል ለእነሱ ቢመደብ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰልጣኝ ከሚያስወጣው ገንዘብ ያንሳል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚል የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። ከካራ ሴቶች ልጆች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ተመርጠው፣ የትምህርት ደረጃው ባይሟላም በልዩ ሁኔታ ሰልጥነው፣ በመንደራቸው ደመወዝ ይከፈላቸው። የልምድ አዋላጆቹ አይባረሩ፤ ምላጭ፣ ጓንትና ንጹሕ ጨርቅ ይሰጣቸው። የወባ አጎበር ለነፍሰ ጡሯ ከመውለዷ በፊት ይድረሳት፤ ወባማ ቆላ ነውና እናትና ሕፃን አንድ አጎበር ሥር ይተኙ። ምጥ ከመምጣቱ በፊት ሄዳ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ ቤት ቱርሚ አካባቢ ቢኖር፣ የራሷ ሰው አብሯት የሚገባበት፣ የምትበላውም ያለበት ይሁን፤ ባዶ አልጋ ለማየት ማንም ያን መንገድ አይወርድም። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ መቼ መሮጥ እንዳለበት ይወቅ፦ ሕፃኑ ጡት እንቢ ሲል፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ገላው ሲግል ወይም ሲቀዘቅዝ፣ ካልነኩት በቀር አልነቃነቅ ሲል፣ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ሲሆን። ማታ ቢሆንም አይደርም። የሚሮጥበት መኪና ግን መኖር አለበት፤ ከሌለ ምልክቱን ማወቅ ለእናቲቱ ተጨማሪ ሥቃይ ብቻ ነው።

ቪዲዮው በቅርቡ እንደገና ይመጣል፤ ያው ገደል፣ ያው ወንዝ፣ ያው ጽሑፍ። ያኔ ለማጋራት እጁ የሚፈጥን ሰው ከማጋራቱ በፊት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ጥያቄ ይጻፍ፦ ባለፈው ወር ኮልቾ ውስጥ ስንት ሕፃን ተወለደ፣ ከእነሱስ በሦስተኛው ቀን ስንቱ ታየ?